የጠፋው አጥንት ከየት ይመጣል?



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ እኛ የሳይንስ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ፈተና ውጤትና ስለ አጠናን ዘዴ ነው። ዘንድሮ ግን የምንጽፈው ስላለብን አንድ ዕዳ ነው። ዕዳው ሳይመለስ የቀረ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው።

በስምንተኛ ክፍል ስለ ሰው አፅም በምናስተምርበት አንድ ቀን፣ ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «የተሰበረ አጥንት መልሶ ይገጥማል ብላችሁናል። ቁራጩ ከጠፋስ? የጠፋው አጥንት ከየት ይመጣል?» አለች። ከመካከላችን በክፍሉ የነበረው መምህር ሰዓቱን አየ፤ ያልተሸፈነውንም ምዕራፍ አሰበ። «ይሄ ሚኒስትሪ ላይ አይመጣም» ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም እጇን አወረደች።

ነገሩ የገባን ከሳምንታት በኋላ እናቷ ለሌላ ጉዳይ ትምህርት ቤት በመጡ ጊዜ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከወደብ ጭነው፣ ጋላፊን አልፈው ሲጓዙ መኪናው ተገልብጦ ቅልጥማቸው ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ስለነበር ከስብራቱ መካከል አንዱ ክፍል ሊተርፍ አልቻለም። አዲስ አበባ እግራቸው ላይ ከውጭ ብረት ታስሮላቸው ወራት ተኙ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ከዳሌያቸው አጥንት ቀንሰው ክፍተቱን ሞሉት። ልጅቷ የጠየቀችው ለፈተና አልነበረም። «አባቴ ዳግመኛ ይራመዳል ወይ?» ማለቷ ነበር፤ እኛ ግን አልሰማናትም።

ስለዚህ ጥያቄውን ዛሬ በሁላችሁ ፊት እንመልሳለን። ከመልሱም አልፈን አንድ አቋም እናቀርባለን። አጥንት እንዴት እንደሚድን፣ የጎደለውም እንዴት እንደሚተካ ማወቅ ለእኛ ትምህርት ቤት የራቀ እውቀት አይደለም። የነገሩ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፤ አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው፣ ለመዳንም ደም የሚገባበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ይህን አንድ ነገር ተማሪዎቻችንም ወላጆችም ሊያውቁት ይገባል። እጅና እግር የሚያተርፍ እውቀት ነውና።

ከመሠረቱ እንነሣ። አንድ አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ብዙዎቻችን አጥንት ሲባል የምናስበው ደረቅና ሙት ድንጋይ የመሰለ ነገር ነው። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ግን ደም ይዘዋወርበታል፤ ነርቭ አለው፤ ቀን ከሌት ይታደሳል። በውስጡ አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳትና አዲሱን የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማዕድን ሲሆን፣ በአብዛኛው ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባለው የካልሲየምና የፎስፌት ውሁድ ጋር የሚመሳሰል ነው። የቀረው በዋነኛነት ኮላጅን የሚባል እንደ ክር የተፈተለ ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ኮላጅኑ ደግሞ ትንሽ እንዲለመጥና በቀላሉ እንዳይሰባበር ያደርገዋል።

ይህን ቤታችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። የዶሮ ቅልጥም አጥባችሁ በብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ንከሩት። አቼቶውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩለት። ከሳምንት በኋላ ስታወጡት አጥንቱ እንደ ጎማ ሲለመጥ ታገኙታላችሁ። አሲዱ ማዕድኑን አሟሙቶ ኮላጅኑን ትቶት ነው። መልኩ ያው ነው፤ ሥራው ግን ጠፍቷል።

አሁን ደግሞ ምግብ ስትበሉ የበሬ ወይም የፍየል ቅልጥም ጫፍ ላይ የተሰነጠቀውን ቦታ አስተውሉ። ውጩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ከውስጥ ግን እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው። ይህ ቀዳዳ ጉድለት አይደለም። አጥንቱን ያቀለዋል፤ መቅኔውንም ያስቀምጣል። ከሁሉ በላይ ግን ደም በየጓዳው እንዲደርስ ያደርጋል። ከጥቃቅን የደም ሥር ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የራቀ ሕዋስ ኦክስጅን አጥሮት በሕይወት ለመቆየት ይቸገራል። አጥንት የተቦረቦረው ለዚህ ነው።

አጥንት ሲሰበርስ? በመጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል። ቀጥሎ በሳምንታት ውስጥ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል። ከዚያ ድልድዩ ማዕድን እየጠጣ ይጠነክራል። በመጨረሻም ወራት አንዳንዴም ዓመታት ወስዶ ቅርጹን ያስተካክላል። የልጆች አጥንት ከአዋቂዎች ቶሎ ይገጥማል። ሰውነታችን ከሚያድናቸው ቁስሎች መካከል ጠባሳ ሳይተው ራሱን በራሱ ከሚተካው አንዱ አጥንት ነው። ነገር ግን ልክ አለው። ክፍተቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ከሁለቱም ጫፍ የሚመጡት ሠሪ ሕዋሳት ሳይገናኙ ይቀራሉ። መካከሉን ሌላ ለስላሳ ሥጋ ይሞላዋል። ድልድዩም ሳይሠራ ይቀራል።

የተማሪያችን ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የጠፋው ከየት ይመጣል? የሐኪሞች የመጀመሪያ መልስ «ከራሱ ከታማሚው» የሚል ነው። ከዳሌ አጥንት ጫፍ ጥቂት ቀንሶ ጉድለቱ ላይ መሙላት እስከ ዛሬም እንደ ዋና ሕክምና ይቆጠራል፤ ምክንያቱም የተወሰደው አጥንት የሰውየው የራሱ ነው፣ ሕያው ሕዋስም አለው። ነገር ግን ከአንድ ሰው ዳሌ የሚወሰደው ውሱን ነው። የተወሰደበት ቦታም ይታመማል። አንዱን ለመሙላት ሌላውን ማጉደል ነው። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች «ራሱ ሰውነቱ አጥንቱን እንዲሠራ መደገፊያ ብንሰጠውስ?» ብለው የተነሡት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሮበርት ላንገርና ጆሴፍ ቫካንቲ የተባሉ አሜሪካውያን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የዚህን ሙያ መሠረት ያስተዋወቀ ጽሑፍ አወጡ። መንገዱ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፤ ሕዋሳት፣ ሕዋሳቱን የሚያነቃቃ ምልክት፣ እና ሕዋሳቱ የሚያርፉበት የተቦረቦረ መደገፊያ።

ይህን መደገፊያ ለመረዳት ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አያሻም። በክረምት አገር ቤት አያት ዘንድ ሄዳችሁ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ እንጨቱ ይቆማል፤ ማገሩ ይታሰራል። ከዚያ በገለባ የተቦካው ጭቃ በማገሩ መካከል ገብቶ ይመረጋል። ማገሩ በጣም ከተጠጋጋ ጭቃው አይገባም፤ ከላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ይረግፋል። በጣም ከተራራቀ ደግሞ ጭቃው የሚይዘው አጥቶ ይወድቃል። ለአጥንት የሚሠራው መደገፊያም ማገር ነው ብንል አንሳሳትም። ሰውነት ደግሞ መራጊው ነው።

ልዩነቱ የአጥንቱ ማገር በጣም ጥቃቅን መሆኑ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ የሚለኩት በማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮሜትር ነው። ቀዳዳው ከ100 ማይክሮሜትር ካነሰ ሕዋሳት ተደላድለው አጥንት ለመሥራት፣ የደም ሥርም ለመግባት ይቸገራሉ። ብዙ ተመራማሪዎች 300 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ይመርጣሉ፤ ሦስት የፀጉር ዘለላ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚኖረው ስፋት ገደማ ማለት ነው። ቀዳዳ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው። በር የሌለው ክፍል መጋዘን እንጂ ቤት አይሆንም። እናቶቻችን ይህን በእንጀራ ያውቁታል። ዓይኑ በደንብ የወጣ እንጀራ ወጡን ይጠጣል። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ላይ ወጡ ተንሸራትቶ ትሪው ላይ ይቀራል።

ሌላም ችግር አለ። ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ማገሩ ይደክማል። የሰው ቅልጥም ግን መላ ሰውነትን ተሸክሞ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰዎች ዘወትር የሚታገሉት በሁለት ፍላጎት መካከል ነው፤ ደም እንዲገባ ክፍት፣ ሸክም እንዲችል ጠንካራ። ከዚህም ሌላ ማገሩ ራሱ አዲሱ አጥንት በሚያድግበት ፍጥነት ቀስ በቀስ መሟሟት አለበት። ቶሎ ከሟሟ አጥንቱ ሳይጠነክር ይፈርሳል። ከዘገየ ደግሞ አዲሱን አጥንት ቦታ ይከለክለዋል። ለዚህ ሥራ የሚውሉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰሉ የካልሲየም ፎስፌት ሸክላዎች አሉ። በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚሰፋበትና በኋላ ራሱ የሚሟሟው ክር ከሚሠራባቸው ነገሮች ጋር የሚዛመዱ ፕላስቲኮችም አሉ። በማይሟሟው ወገን ደግሞ የተቦረቦረ ቲታኒየም አለ። ዛሬ አንዳንዶቹ በኮምፒዩተር ተነድፈው በታማሚው ክፍተት ልክ በድርብርብ እየታተሙ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ጅቡቲ እንምጣ። «ይህ የሀብታም አገር ሳይንስ ነው፤ ከእኛ ምን አገናኘው?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሱ ያለው ከእግራችን በታች ነው። ጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችባቸው ዝቅተኛ አምባዎች፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓንና ፕላቶ ዱ ማራቡ ጭምር፣ ከጥንት የኮራል ክምር የተሠሩ ናቸው። ኮራል በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ከውሃው ካልሲየም ካርቦኔት እየወሰዱ የሚገነቡት ድንጋይ ነው። በዚህች ከተማ የድሮ ቤቶች የተሠሩት ከዚሁ የባሕር ድንጋይ ነው። የምፅዋና የሱዳኗ ሱዋኪን አሮጌ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። በሚኒልክ አደባባይ አካባቢ ወይም በሌላ አሮጌ ሰፈር ኖራው የተላጠ ግድግዳ ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ድንጋዩ በቀዳዳ የተሞላ ነው።

እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው የሳይንቲስቶችን ዓይን የሳቡት። ፖራይትስ በሚባለው የኮራል ዝርያ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ስፋታቸው በመቶዎች ማይክሮሜትር የሚለካ፣ እርስ በርሳቸውም የተገናኙ ናቸው፤ አሠራራቸው ከአጥንት ውስጠኛ ክፍል ጋር በጣም ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴላ ሮይና ሊኔሃን የተባሉ ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ዘዴ አቀረቡ። ኮራሉን ፎስፌት ባለበት ውሃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በማቆየት፣ የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ሳይፈርስ ድንጋዩን ወደ ሃይድሮክሲአፓታይት ለወጡት። ማለትም የባሕሩን ማገር ወደ አጥንት ማዕድን ቀየሩት። በ1980ዎቹም የፈረንሳይ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች የኮራሉን ካርቦኔት ሳይለውጡ፣ አፅድተውና ከጀርም ነፃ አድርገው ለአጥንት ክፍተት መሙያ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በበጎች እግር ላይ በተደረገ ሙከራ ኮራልን ከመቅኔ ከተወሰዱና በላቦራቶሪ ከተራቡ ሕዋሳት ጋር አዋሕደው ሞከሩ። ውጤቱ ኮራሉ ብቻውን ከተደረገው የተሻለ ሆነ። ማገሩ ብቻውን ቤት አይሆንም፤ መራጊም ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛ፣ ኮራል ሁሉን የሚያድን መድኃኒት አይደለም። ለከባድ ሸክም ደካማ ነው፤ የሚሟሟበት ፍጥነትም እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ይለያያል። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ከባሕር ያነሣውን ድንጋይ ቁስል ላይ ማድረግ የለበትም። በሕክምና የሚውለው በጥንቃቄ የጸዳ ነው፤ የባሕሩ ግን ለከባድ መመረዝ ሊዳርግ ይችላል። ሦስተኛ፣ ለሕክምና ተብሎ የሚነቀል ኮራል አያስፈልገንም። ዛሬ አብዛኛው የአጥንት መተኪያ በፋብሪካ ይሠራል። ትልልቆቹ የፖራይትስ ኮራሎች የሚያድጉት በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዕረፍት ቀን በጀልባ ወደ ሙሻ ወይም ወደ ማስካሊ ደሴት ስትሄዱ፣ ለማስታወሻ ብላችሁ የምትሰብሯት የጭብጥ ያህል ቁራጭ የአሥር ዓመት ሥራ ልትሆን ትችላለች። እነዚያ ደሴቶች ጥበቃ የሚደረግላቸው ስፍራዎች ናቸው። ስለ ኮራል የምንማረው አሮጌ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ሕያዉን በባሕሩ እንተወው።

ለወላጆች ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ቀጣዩ ነገር ነው። ስለ ማገሩ ያልነውን አስታውሱ፤ ደም ያልደረሰበት አጥንት አይድንም። በአገራችን ልጅ ሲሰበር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ወጌሻን ነው። ወጌሻን አንንቅም። ከአባት የወረሱት ብልሃት ያላቸው፣ ውልቃትን በእጃቸው የሚያውቁ ብዙዎች አሉ። አደጋው ያለው አጥብቆ ማሰሩ ላይ ነው። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ቀርከሃው ወይም ጨርቁ ደግሞ አይለጠጥም። እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው ደም ሥሩን ያንቃል፤ ሥጋውም ይሞታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ስብራቱ ራሱ ቀላል የነበረ፣ በጄሶ ብቻ የሚድን ልጅ በማሰሪያ እጁን ያጣል።

መልካሙ ዜና ደግሞ ይህ በትምህርት ብቻ የሚቀንስ መሆኑ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ አካባቢ ላሉ ወጌሾች አጭር ስልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን አሳይተዋል። አዲስ ማሽን አልተገዛም። አዲስ ሆስፒታል አልተሠራም። «አታጥብቁ፤ ጣቶቹን እዩ» የሚለው እውቀት ነው ሥራውን የሠራው።

ስለዚህ ይህን ቤታችሁ ያዙ። ልጃችሁ ተሰብሮ በማንኛውም መንገድ፣ በጄሶም ይሁን በቀርከሃ፣ ከታሰረ ጣቶቹ ከማሰሪያው ውጭ ይታዩ። ሕመሙ በማስታገሻ የማይመለስና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ልጁም ሊያንቀሳቅሳቸው ካቃተው ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ማሰሪያው በፍጥነት መላላት አለበት። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ መልሳችሁ ለማስገባት አትሞክሩ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም። የሹፌር ቤተሰብ ብዙ ባለበት ማኅበረሰባችን ይህ ለልጅ ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በሚሌም ሆነ በዲኪል መንገድ ዳር አንድ ሰው ወድቆ ሲገኝ መጀመሪያ የሚደርሰው ሐኪም አይደለም፤ ሌላ ሹፌር ወይም ረዳት ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን እንመለስ። ባለፈው የመምህራን ስብሰባ ይህን ሐሳብ ስናነሣ ከባልደረቦቻችን ሁለት ተቃውሞ ሰማን። ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው «መጽሐፉን እንኳ አልጨረስንም፤ ከመጽሐፉ ውጭ መቼ እናስተምራለን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጊዜው አጭር ነው። ከግንቦት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ክፍለ ጊዜ ይበላል። ነገር ግን ስለ አፅም የሚናገረው ምዕራፍ መጽሐፉ ውስጥ አለ። እኛ የምንጠይቀው ምዕራፉን በአጥንት ስም ዝርዝር ብቻ እንዳንጨርሰው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ለአቼቶው ሙከራ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለጥያቄ ይበቃል። ስሞቹን የሸመደደ ልጅ ከፈተና በኋላ ይረሳቸዋል። አጥንት በእጁ የለመጠ ልጅ ግን አይረሳም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ላቦራቶሪ ሳይኖረን ልጆቹን ለማይደርሱበት ነገር እናጓጓቸዋለን» የሚል ነው። ላቦራቶሪ እንደሌለን አንክድም። «አይደርሱበትም» የሚለውን ግን አንቀበልም። በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የባዮሜዲካል ምህንድስና ይሰጣል። እዚሁ ጅቡቲ ያለው ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ትምህርት ካስጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለዚህ ሙያ የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃም ቢሆን ብርቅ አይደለም። ከበሬ አጥንት ሥጋውና ስቡ ተወግዶ በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል የሚቀረው ነጭ ማዕድን በዋነኛነት ሃይድሮክሲአፓታይት ነው። የእንቁላል ቅርፊትም እንደ ኮራሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ተመራማሪዎች ከእርሱም የአጥንት ማዕድን ይሠራሉ። በየቄራው የሚጣለውንና በየወጥ ቤቱ የሚደፋውን ነገር ወደ መድኃኒት ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ከዚህ ክፍል የማይወጣበት ምክንያት አይታየንም። የማይወጣው እጁን ሲያወጣ «ይህ አይመጣም» ካልነው ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ከትምህርት ቤቱ፣ በየሳምንቱ ከሳይንስ ክፍለ ጊዜዎች የአንዱ የመጨረሻ አሥራ አምስት ደቂቃ ለተማሪዎች ጥያቄ ብቻ እንዲተው። ከወላጅ ኮሚቴ፣ ለአንድ ጥሩ ማይክሮስኮፕ የሚሆን መዋጮ እንዲያስተባብር፤ አንድ ማይክሮስኮፕ ካለን የአጥንትና የአሮጌ ግድግዳ ስብርባሪ ጎን ለጎን አድርገን ማየት እንችላለን። ከወላጆች ደግሞ፣ በሙያችሁ ነርስ፣ ሐኪም፣ ወይም የመድኃኒት ባለሙያ የሆናችሁ በዓመት አንድ ቀን መጥታችሁ ስለ ስብራትና ስለ ማሰሪያ ለልጆቹም ለሹፌሮቻችንም እንድታስተምሩ።

ከራሳችን የምንጠይቀውንም እንናገር። በመምህራን ክፍል በር አጠገብ አንድ ወፍራም ደብተር አስቀምጠናል። በክፍል ያልተመለሰ ጥያቄ እዚያ ይጻፋል። የማናውቀው ከሆነ «አላውቅም፤ ጠይቄ እመጣለሁ» እንላለን፤ እስከ ሁለት ሳምንትም መልስ ይዘን እንመጣለን። ይህን ማለት መጀመሪያ ይከብዳል፤ በተለይ አርባ ተማሪ እያየን። ከመካከላችን ሰዓቱን ያየው መምህር ደብተሩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ በራሱ እጅ ጻፈ፤ «የጠፋው አጥንት ከየት ይመጣል?»

መልሱን ለልጅቷ ከመጽሔቱ በፊት ነግረናታል። የጠፋው አጥንት የሚመጣው ከራሱ ከሰውየው ነው፤ ሐኪሞች ማገሩን ያቆሙለታል፣ ደሙ መንገድ ያገኛል፣ ሕዋሳቱም ቀስ ብለው ይሠሩታል። ጊዜ ይወስዳል አልናት። «ስንት?» አለች። እንደ ሰዉ ይለያያል አልናት። አባቷ በወላጆች ቀን ከዘራ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከበሩ እስከ መጨረሻው ወንበር በእግራቸው ሄደው ተቀመጡ።

የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ሙከራ የአቼቶው ነው። ከክረምት ስትመለሱ ከእንቁጣጣሽ ዶሮ የተረፈውን ቅልጥም አጥባችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ። አቼቶውን እኛ እናመጣለን።